«በሕግ አምላክ» የሚልለት ያጣ ውሃ

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ ካገኘው ጩቤ መምዘዝ አያስፈልገውም ነበር። «በሕግ አምላክ!» ካለው ያኛው ቀጥ ይላል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ዳኛ ወዳለበት ይሄዳሉ። ዳኛ ከራቀም አላፊ አግዳሚው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያከራክራቸዋል። ይሄ ተረት አይደለም፤ አገራችን እንዲህ ሆና ኖራለች።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የወራጅ ውሃ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 እና 600 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሻኪሶ፣ በአዶላ፣ በነገሌ ቦረና ዙሪያ ስለሚወርድ ውሃ። ያን ውሃ «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚያስቆምለት ሰው ጠፍቷል። ሕጉ ግን አልጠፋም፤ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ተቀምጧል። የጠፋው ሕጉን ተሸክሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያደርሰው ጠበቃ ነው። ለምን ጠፋ? ማን አጠፋው? እስቲ ከሥሩ እንየው።

ነገሌና ውሃ

ነገሌ ቦረና ስትነሳ የኔ ዘመን ሰው ትዝ የሚለው ወርቅም ከብትም አይደለም፤ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያች ቀን የነገሌ ጦር ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት አለቆቻቸውን አሰሩ። ምን ፈልገው? ሥልጣን? መሬት ላራሹ? የለም። የውሃ ጉድጓዳቸው መሳቢያ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ስላሏቸው ነው። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ጃንሆይ ነገሩን አብርዱ ብለው ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ታዲያ ጄኔራሉን ይዘው «እኛ የምንበላውን ብላ፣ እኛ የምንጠጣውን ጠጣ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ታሪክ ነው። በስምንት ወሩ ዘውዱ ወደቀ።

ይሄን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። የቆላው ሰው ስለ ውሃ ሲናገር ስለ ትንሽ ነገር የሚናገር እንዳይመስለን ነው። በቦረና ምድር ውሃ ራሱ ሕግ ነው። እነዚያ ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራ አላቸው፤ ተራውን የሚያስከብረው «አባ ሄረጋ» ይባላል። በየስምንት ዓመቱ የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተቀምጦ ሕግ ይደነግጋል፣ የተጣሰውን ይመረምራል። እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ «ሕግ አታውቅም» የሚል ባለሥልጣን ካለ እሱ ራሱ ቱላ ወርዶ ይማር! ሕዝቡ ሕግ ያውቃል። እንግዳ የሆነበት አዲስ አበባ ላይ በፎቅ ውስጥ የተቀመጠው ሕግ ነው።

ለገደንቢ

«ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። «ደንቢ»ን ደግሞ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ደንብ» አድርጎ ነው የሚሰማው። ወንዙስ አለ፤ ደንቡ የት እንደገባ ነው ግራ የሚገባው።

ለገደንቢ በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለ የወርቅ ማዕድን ነው። አካባቢው ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወርቅ የታወቀ የአዶላ መሬት ነው። አዶላ ከተማም «ክብረ መንግሥት» የተባለችው ያለ ነገር አይደለም፤ የመንግሥት ክብር ከጉድጓዷ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 መንግሥት ለገደንቢን በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ሸጠ፤ የ20 ዓመት ፈቃድም ሰጠ። ሃያ ዓመቱ አለቀ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። በሻኪሶና በአካባቢው የጉጂ ከተሞች መንገድ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ወጣቶች ታሰሩ። እናቶች አካል ጉዳት ይዘው የተወለዱ ልጆቻቸውን አሳዩ። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገድኩ አለ።

ድል? አዎ፣ ድል ነበር። ግን እስከ መቼ?

በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ማዕድኑ ተመልሶ ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት አወጣ። የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ ፅንስ መጨናገፍ፣ ሞተው ስለሚወለዱ ሕፃናት፣ ከነጉዳታቸው ስለተወለዱ ልጆች የተናገሩት በሪፖርቱ ውስጥ አለ። ከማዕድኑ በታች ባለው ውሃና አፈር ውስጥ ከፍተኛ አርሰኒክ መገኘቱ አለ። መንግሥት በራሱ ያስጠናቸውን ጥናቶች ውጤት ለነዋሪው ይፋ አለማድረጉም አለ። ወርቁን እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ያጣራ የነበረው የስዊዘርላንዱ አርጎር ሄሬየስም ተጠቅሷል። እንግዲህ ወርቁ ስዊዘርላንድ ይደርሳል፤ የጥናቱ ወረቀት ግን ሻኪሶ መድረስ አቃተው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ድርጅቱ የራሱ መልስ ይኖረዋል። «በሽታው ከኔ አይደለም» ሊል ይችላል። «አርሰኒኩ ከተፈጥሮው ከድንጋዩ ውስጥ ያለ ነው» ሊል ይችላል። ይበል! መልሱም ይሰማ። ግን የት ይሰማ? በመግለጫ ነው? በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው? ከሳሽ ማስረጃውን፣ ተከሳሽ መከላከያውን ይዘው የሚቀርቡበት፣ ባለሙያ ቃለ መሐላ ፈጽሞ የሚመሰክርበት፣ የተደበቀ ሰነድ «ይቅረብ» የሚባልበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ፍርድ ቤት ነው። በለገደንቢ ጉዳይ የተናገረው ጎዳናው ነው፣ ሚኒስቴሩ ነው፣ የውጭ ድርጅት ነው። ዳኛው አልተናገረም።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይሄ ነው። በጎዳና የተገኘ ዕግድ በደብዳቤ ይነሳል። ሚኒስትር አገደ፣ ሚኒስትር ፈታ። በፍርድ የተገኘን ነገር ለማንሳት ግን ሌላ ፍርድ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ምክንያት መጻፍ ግድ ነው፣ መዝገብ ይቀራል፣ ይግባኝ አለ። የሻኪሶ ሰው በ2010 ዓ.ም. ተጋፍጦ ያገኘውን ነገር በእጁ የሚይዝበት ወረቀት አልነበረውም።

ሕጉማ አለ እኮ!

«አገራችን የአካባቢ ሕግ የላትም» የሚል ካለ አያምታታችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለውም እዚያው ላይ ተጽፏል። አንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከግጦሽ መሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 37 ደግሞ ማኅበር ለአባላቱ፣ አንድ ሰውም ተመሳሳይ ጥቅም ላላቸው ሰዎች ቆሞ ፍትሕ ሊጠይቅ ይችላል ይላል።

ከሁሉ የሚገርመው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ «እኔን ነካኝ» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም በውሳኔው ካልተደሰተ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ልብ በሉ! መርካቶ ያለ ነጋዴ ስለ ሻኪሶ ወንዝ መክሰስ ይችላል ማለት ነው። ስንት አገር ነው እንዲህ ያለ ሕግ ያለው?

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ሲመጣ ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለማስከበር የጥበቃና የመፍትሔ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሰጠ። አንቀጽ 44 ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ ሕጉ ሙሉ ነው። ጎተራው ሞልቶ ሰው የሚራበው ግን በኛ አገር ነው።

ልክሰስ ያለ አባወራ

እስቲ አንድ የሻኪሶ አባወራ «ልክሰስ» ብሎ ተነሳ እንበል። ከብቶቹ ሞተውበታል፣ ሚስቱ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል እንበል። አብረነው እንሂድ።

መጀመሪያ አቤት የሚልበትን መሥሪያ ቤት ይፈልግ። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ከዚያ ኮሚሽን ሆነ፣ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ሰውየው ታርጋውን እስኪያገኘው ስሙ ይለወጥበታል። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥራ ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ማዕድኑን የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት የማዕድኑን ጉዳት መርማሪም ሆነ ማለት ነው። ጅብ የአህያ ጠባቂ ሲሆን አህያዋ ለማን ትጩህ?

ዞኑስ? ነገሌ በየካቲት 2015 ዓ.ም. አዲስ የተዋቀረው የምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ሆነች። በጉጂ በኩል ብዙ ተቃውሞ ተነሳ፤ ሰውም ታሰረ። ዞኑ ተከፈለ፤ ወንዙ ግን አልተከፈለም። ውሃ የዞን ወሰን አይቶ አይቆምም።

ቀጥሎ ማመልከቻ ይጻፍ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ሥር ወንበርና ጠረጴዛ ዘርግተው የተቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ለድሃው ጠበቃው እነሱ ናቸው። የወሰን ክርክር፣ የፍቺ፣ የብድር፣ የቀለብ ጉዳይ ከሆነ ቁጭ ብለው ይደረድሩታል። አርሰኒክ ግን ምን ብለው ይጻፉ? የወንዝ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ናሙናው ሳይነካካ ላቦራቶሪ እንደደረሰ እንዴት እንደሚረጋገጥ ከየት ያውቁታል?

ማስረጃውስ? ውሃው አዲስ አበባ ይመርመር፤ ገንዘብ። ሐኪም ይመስክር፤ የትኛው ሐኪም ደፍሮ? የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከተከሰሰ ክርክሩ በአማርኛ ይሆናል፤ ሰውየው ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፤ አስተርጓሚ። ተከሳሹ ካባ የለበሱ ጠበቆች አሰልፎ ይመጣል፤ ሰውየው ብቻውን ቆሟል። ከዚያ ቀጠሮ ይመጣል። «መዝገቡ አልተመረመረም፣ ተለዋጭ ቀጠሮ»፣ «መልስ አልቀረበም፣ ተለዋጭ ቀጠሮ»። የአውቶቡስ፣ የአልጋ፣ የምሳ። አንድ ቀጠሮ አንድ ፍየል ይበላል። መንጋው ሲያልቅ ክሱም ያልቃል።

ለዚህ ነው ለትርፍ ያልቆመ የሕግ ድርጅት የሚያስፈልገው። ለበጎ አድራጎት ወግ አይደለም። ይሄን ሁሉ ወጪ አንድ አባወራ ሊሸከመው አይችልም፤ መቶ አባወራ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ጠበቃ፣ በአንድ የላቦራቶሪ ውጤት ቢከስስ ግን ይቻላል። ጠበቃው ገንዘብ አይቀበልም፤ ደመወዙን ድርጅቱ ይከፍለዋል። ኦሮምኛውን ያውቃል፣ ሕጉንም ያውቃል፣ መንደሩንም ያውቃል። ድሃው በግሉ የማይችለውን አብሮ እንዲችል የሚያደርግ ዕድር በሉት። ለሞተ ሰው ዕድር የማያጣ አገር ለሕያው ሰው ዕድር ቢያጣ ምን ይባላል?

ጠበቆቹ የት ሄዱ?

ነበሩ። ይሄን የምለው ብዙ ወጣት አንባቢ የማያውቀው ስለሆነ ነው።

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እ.ኤ.አ. በ1991 ተመሠረተ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ነበሩ ከፊት የቆሙት። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለስንትና ስንት ተበዳይ ሴት ነጻ ጠበቃ ሆኗል። አፓፕ የሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ የኛን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካ ነገር ሠራ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ያንን አንቀጽ 11 ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰው። «አቃቂና ሞጆ ወንዞች በፋብሪካ ዝቃጭ ሲመረዙ ዝም ብለህ አይተሃል» ብሎ። ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። «በካዩ ባለሥልጣኑ አይደለም» ተባለ። ይግባኙም አልሰመረም።

ተሸነፉ፤ ግን መዝገቡ አለ። ዛሬ የአካባቢ ሕግ የሚያጠና ሁሉ ያንን መዝገብ ያነሳል። ቀጣዩ ከሳሽ የት ላይ እንደሚሰናከል አይቶ፣ በካዩን ራሱን አብሮ እንዲከስስ መንገድ አሳይተውታል። ሙግት እንዲህ ነው፤ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው የወደቀበትን ድንጋይ አይቶ ያልፋል።

ግን ሌላው መች መጣ? የካቲት 2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ። ከገቢህ ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ ካገኘህ በሰብዓዊ መብት ጉዳይ አትገባም አለ። በአገራችን ለመብት ሙግት ከኪሱ የሚያዋጣ ባለሀብት እንዳልነበረ ሕግ አውጪው አያውቅም ነበር? ያውቅ ነበር እንጂ! የኢሰመጉና የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ የባንክ ሒሳብ ታገደ። ሌሎች ብዙዎች የመብት ሥራውን ትተው ወደ ጉድጓድ ቁፋሮና ወደ ችግኝ ዞሩ። ጉድጓድ መቆፈር መልካም ነው፤ የተቆፈረውን ጉድጓድ የሚመርዝን መክሰስ ግን ክልክል ሆነ!

አሁን ዓመታቱን አስተያዩ። ሕጉ ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየ። የለገደንቢ ፈቃድ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ የፈቃዱ እድሳት፣ የሻኪሶ ተቃውሞ፣ ሁሉም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ናቸው። ሕዝቡ ጠበቃ በሚያስፈልገው ሰዓት የጠበቃው እጅ ታስሮ ነበር። ያኔ ጎዳና የወጣውን ወጣት «ለምን በሕግ አልሄድክም?» ያለው ባለሥልጣን ሁሉ ይሄን ልብ ይበል።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 መጣና ያ ገደብ ተነሳ። ጥሩ ሆነ፤ አመሰገንን። ግን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት (እ.ኤ.አ. ኅዳርና ታኅሣሥ 2024) በርካታ የመብት ድርጅቶች በደብዳቤ ታገዱ። ከነሱ መካከል ኢሰመጉ አለበት፤ የሕግ ባለሙያዎች ለሰብዓዊ መብቶች የሚባለውም አለበት። ቆይቶ እገዳው ተነሳ። ተነሳ ቢባልም፣ ነገሌ ላይ ቢሮ ልክፈት ብሎ ያሰበ ወጣት ጠበቃ ያንን ደብዳቤ አንብቧል። አንብቦም አዲስ አበባ የውል ጉዳይ መያዝን መርጧል። ማን ይፈርድበታል?

ሞያሌን ሲሻገሩ

ከነገሌ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሞያሌን ስትሻገሩ ኬንያ ናት። ያው ቦረና፣ ያው ድርቅ፣ ያው ከብት ነው። ጠበቃው ግን ሌላ ነው።

ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድሆች መንደር አለ። የባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ መንደሩን መረዘው። ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል እዚያው ፋብሪካ ትሠራ የነበረች እናት ሕፃኗ መታመሙን አይታ ተነሳች፤ ድርጅት አቋቋመች፤ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2020 ሞምባሳ ያለው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ለመንደሩ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ፈረደ። መንግሥትም ካሳ ከፋይ ከሆኑት አንዱ ነበር። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። በታኅሣሥ 2024 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳውን መለሰው። ረጅም ነው፤ አድካሚ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ድሉ ሲሻርም በፍርድ ነው የተሻረው፤ ስለዚህም በፍርድ ሊመለስ ቻለ።

ሌላም አለ፣ ለኛ ይበልጥ የሚያሳፍር። የኦሞ ወንዛችን ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት ሲሠራ የቱርካና ሐይቅ ዳርቻ ሰዎች «የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች» በሚል ድርጅት በኩል ናይሮቢ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኬንያ ፍርድ ቤት መንግሥታቸው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ስለመግዛት የተዋዋለውን ለሕዝቡ ይፋ እንዲያደርግ ወሰነ። ግድቡ ትክክል ነው አይደለም አሁን ክርክሬ አይደለም። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ወንዙ የኛ፣ ግድቡ የኛ፣ ዳኛው ግን የነሱ!

«ፍርድ ቤቱስ ነጻ ነው ወይ?»

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ አንባቢ ብዙ ነው። «ወዳጄ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ዳኛ ሥልጣን ሲፈራ አይተናል፣ የተፈታ እስረኛ በር ላይ ተመልሶ ሲያዝ አይተናል። ፍርድ ቤታችን ነጻ ነው ብዬ አልዋሽም።

ግን ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ተጠይቆ እምቢ ያለ ፍርድ ቤትና ጭራሽ ያልተጠየቀ ፍርድ ቤት አንድ አይደሉም። እምቢታውም በጽሑፍ ይውጣና ስሙን ይፈርምበት፤ ልጆቻችን ያንብቡት። ሁለተኛ፣ ክስ ገና ሳይፈረድበት ይሠራል። «የጥናቱ ውጤት ይቅረብ» የሚል አቤቱታ ሲገባ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈው ወረቀት ላብ ያሰምጠዋል። ሦስተኛ፣ አማራጩን አይተነዋል። አማራጩ መንገድ መዝጋት፣ ጎማ ማቃጠል፣ ከዚያ ጥይትና እስር ነው። ክሱ ዘገምተኛ ነው፤ ግን እናት አያስለቅስም።

«ወርቅ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ አገር ተቸግራለች» የሚልም አለ። ምንዛሪው ለምንድነው? ለመድኃኒትም አይደል? ሕፃኑን ከነበሽታው እየወለድን ለሕፃኑ መድኃኒት መግዣ ዶላር እንፈልጋለን ማለት ቤትን አቃጥሎ አመዱን እንደመሸጥ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «አካባቢን እንጠብቃለን» እየተባለም ሰው ይበደላል፤ ይሄንንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2004 በነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ የነበሩ ጉጂዎች ለአውሬ ቦታ ልቀቁ ተብለው ሲባረሩ ቤታቸው መቃጠሉ ተዘግቧል። ለሜዳ አህያው የቆመ ነበር፤ ለሰውየው የቆመ ጠበቃ ግን አልነበረም። ለዚህ ነው አካባቢና ሰብዓዊ መብት በአንድ ጠበቃ እጅ መያዝ ያለባቸው የምለው። ለየብቻ ሲያዙ አንዱ ሌላውን ይበላል።

እና ምን ይሁን?

ለመንግሥት፦ ስለ ለገደንቢ ያስጠናችሁትን ጥናት ሁሉ በኦሮምኛም በአማርኛም አውጡት። ሕዝቡ የጠጣውን ውሃ ማወቅ የመንግሥት ምስጢር አይደለም። የመብት ድርጅትን በአንድ ደብዳቤ ማገድም ይቁም፤ ጥፋት ካለ ፍርድ ቤት ክሰሱት። እናንተም «በሕግ አምላክ» ማለት ልመዱ!

ለጠበቆች፦ የጥብቅና ሥነ ምግባር ደንቡ (ቁጥር 57/1992) ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት ይስጥ ብሎ ነበር። ለአንድ ጠበቃ አምሳ ሰዓት ምንም ነው። አሥር ጠበቆች ቢተባበሩ ግን 500 ሰዓት ነው፤ አንድ ጥሩ የክስ መዝገብ ማለት ነው። ከሸገር ቡና ቤት ተነስታችሁ ሻኪሶ ውረዱ። የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ መምህራንና ተማሪዎችም በናንተ በኩል ናቸው፤ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት ለፍቺና ለቀለብ ብቻ ለምን ይሆናል?

ለባለሀብቶች፦ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም፣ ለስታዲየምም ስታዋጡ አይተናል። ለአንድ የሕግ ቢሮ አዋጡ። ነገሌ ላይ ሁለት ክፍል ቤት፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ ሁለት ጠበቆች፣ አንድ የናሙና ባለሙያ፣ አንድ አሮጌ መኪና። በውጭ ገንዘብ ነው የሚንቀሳቀሱት የሚለው ክስ መልሱን የሚያገኘው የዚያን ቀን ነው።

ለአዲስ አበባ አንባቢ፦ አንቀጽ 11 «ማንኛውም ሰው» ይላል። ማንኛውም ሰው አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። የጣት ቀለበታችን ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ዳኛ እስኪገኝ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ጤና ያስፈልገዋል። የለገደንቢ ልጆች ያን ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ዳኛው እስኪገኝ አንጠብቅ፤ መዝገቡን ከፍተን ዳኛውን እንፈልገው።

ቸር ይግጠመን።